አላየሁም ያልኳቸው ሦስት ገጾች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ጾም ሲገባ «ልጄ፣ የቀረሽ ነገር አለ?» ለሚሉኝ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። «የለም አባ» እላቸዋለሁ። ሐሜቴን እናገራለሁ፣ ቁጣዬን እናገራለሁ፣ ጾም መሻሬን እናገራለሁ፤ ትንንሾቹን ኃጢአቶች ከላይ ከላይ ዘርዝሬ ትልቁን ከሥር እሸሽጋለሁ። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ባቡር ውስጥ አጠገባችሁ ብቀመጥ አትለዩኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ፈሪ ሰው ለማያውቀው ሰው መናገር ይቀለዋል።

የበደልኩት ዓይናቸው የጠፋ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊን ነው። ጠበቃ የላቸውም፣ ሞተዋል። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ እንዲያውም።

ስሜ አስካለ ነው። እዚህ ኦስሎ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን የምረዳ ሠራተኛ ነኝ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ቤት አስተካክላለሁ። ያን ጊዜ ቪካር ነበርኩ። ቪካር ማለት ሰው ሲጎድል የሚጠሩት፣ ሰው ሲሞላ የሚረሱት ተተኪ ሠራተኛ ነው። ባሌ አዲስ አበባ ነበር፤ እሱን ለማምጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልገኝ ነበር። ይህን አሁኑኑ የተናገርኩት በኋላ ምክንያት አድርጌ እንዳልመዘው ነው። ብመዘውም አትቀበሉኝ።

ጋሽ ክሌመንት እንግሊዛዊ ነበሩ። ሆልምሊያ የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሰው «ክሌመንት፣ ክንድህን አንሣ» ማለት አፌ እምቢ አለኝ። «ጋሼ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝና በተሰባበረው ኖርስኬ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አስረዳኋቸው።

«ማዕረግ ነው እንግዲህ። ከካፒቴን ይበልጣል?» አሉኝ።

«በጣም ይበልጣል» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሌላዋ ረዳት በስማቸው ስትጠራቸው «ማዕረጌን አጎደልሽ» እያሉ ያሾፉባት ጀመር። እኔን አስካ ይሉኝ ነበር። ሙሉ ስሜን አፋቸው አልችል ብሎ እንጂ ሞክረው ነበር፤ ሰኞና ሐሙስ በሩን ስከፍት ከውስጥ «አስካ፣ አንቺ ነሽ?» የሚሉት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሥራቸው ሥዕል ነበር፤ ያውም የጠፈር ሥዕል። በአሥራ አምስት ዓመታቸው አገራቸው አንድ የሥዕል ክፍል ተቀጥረው የሌሎችን ገጽ በማስመር ጀመሩ። ቆይተው በየሳምንቱ ለሚወጣ የልጆች መጽሔት ሁለት ሁለት ገጽ የሥዕል ታሪክ መሳል ያዙ፤ አንድ ካፒቴንና አንዲት መካኒክ በመንኮራኩር ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩበት ታሪክ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳሉት። በእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት ስማቸው አንድም ቀን አልታተመም። መጽሔቱ የሠዓሊ ስም አያወጣም ነበር። እሳቸው በመንኮራኩሩ ሆድ ላይ በጥቃቅን ፊደል ሲጽፉት አዘጋጁ በነጭ ቀለም ያጠፋዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ካፒቴኑ ጫማ ላይ ይጽፉታል፤ ያንንም ያጠፋዋል። ዋናው ሥዕል አይመለስላቸውም። አንድ ክረምት የማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት ውሃ ገብቶት ወለሉን ያደረቁት የእሳቸውን ገጾች አንጥፈው ነው።

ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። የመጽሐፍ ሽፋን ሲታዘዙ መጽሐፉን እንደማይሰጧቸው፣ በስልክ «ቀይ ፕላኔት፣ የተሰበረ መርከብ፣ የፈራች ሴት» ብለው እንደሚዘጉባቸው፣ እሳቸውም ሴትየዋ ምን እንደፈራች ሳያውቁ እንደሚስሏት ሲነግሩኝም ይስቁ ነበር። «አስካ፣ በሕይወቴ ሙሉ ሌላ ሰው የፈራውን ስስል ኖርኩ» ይሉኝ ነበር። እኔ አልስቅም። የሰው ድካም ወለል ሲወለወልበት ምን ያስቃል? ወለል ወልዋይ ነኝና አውቀዋለሁ።

ከዚያ መጽሔቱ በድንገት ተዘጋ። ታሪኩ መሃል ላይ ተቆረጠ። በመጨረሻው በታተመው ገጽ ካፒቴኑና መካኒኳ ሞተሩ በሞተ መንኮራኩር ውስጥ ሆነው በሬዲዮ «የሚሰማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ የለም። በዚያው ቀሩ። ጋሽ ክሌመንት ኖርዌያዊት አግብተው ወደ ኦስሎ መጡ፣ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ ዓሣና አጥንት ሲስሉ ኖሩ፣ ሚስታቸውን ቀበሩ፣ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ያን ጊዜ ልጆች የነበሩት አንባቢዎች ግን ሸብተው እንኳ ይጽፉላቸው ነበር። ልጃቸው ኢንግሪድ ከበርገን በስልክ ታነብላቸዋለች። ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ ሰማቸው ወይ? የመለሰላቸው አለ ወይ?

እኔ ወደ ቤታቸው መሄድ በጀመርኩ በዓመቱ ከእንግሊዝ አንድ ትንሽ አሳታሚ ጻፈላቸው። ታሪኩን ሙሉ በሙሉ በአንድ መጽሐፍ ላውጣው፣ ስምዎን ሽፋኑ ላይ በትልቁ ላኑር፣ መጨረሻውን በስምንት ገጽ ይጨምሩልኝ አላቸው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ኢንግሪድ «አንተ ንገረውና ሌላ ሰው ይሳለው» ብትላቸው ተቆጡ። እጄ አልታወረም አሉ።

እውነትም እጃቸው አልታወረም ነበር። ወፍራም ወረቀት ላይ ክር እያጣበቁ ሳጥን ሳጥኑን ይሠራሉ፤ በግራ ጣታቸው ክሩን እየዳበሱ በቀኛቸው በብሩሽ ይስላሉ። ንግግሩን የሚጽፈው ሌላ ሰው ስለሆነ ቃል የሚገባበትን ክብ ባዶ አድርገው ይተዋሉ። የሚስሉበት ጣውላ በስተቀኙ ቀዳዳ ነበረው፤ የጥቁር ቀለሙ ብርጭቆ እዚያ ውስጥ ይሰካል፤ ክንዳቸው ቢነካው እንኳ አይደፋም። ብሩሽ የሚያጥቡበት የውሃ ጣሳ በግራ ነው። ከዚህ ጣውላ ላይ ምንም ነገር አይነሣም፣ አይነካም። ማየት የተሳነው ሰው ቤት ዕቃ ከቦታው እንዳይነቃነቅ እኛም በኮርስ ተምረናል። የመጀመሪያ ቀን የተማርነው ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መጨረሻውን ነው መጀመሪያ የሚስሉት። «ሳምንታዊ ታሪክ በጅራቱ ነው የሚያዘው» ይላሉ፤ የመጨረሻዋ ሳጥን ካልተሳለች የመጀመሪያዋን መሳል አያውቁም። ስምንቱንም ገጽ እንዲሁ ከኋላው ሊጀምሩት ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ የጥፋቴ መጠን ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ያን ሰሞን ከአገር ቤት ስትመለስ ጠበል አምጥታልኝ ነበር፤ ለዓይን ፈዋሽ ነው የተባለ ጠበል። ማን ትዝ አለኝ? ጋሽ ክሌመንት። ሥራ ላይ ሃይማኖት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ላልጠየቀን ሰው ጸሎት ማድረግ፣ መቀባት፣ ማጠጣት አይቻልም፣ ፈርመንበታል። ግን እሳቸው ሲደክማቸው ጣታቸውን ውሃ ነክረው ዓይናቸውን የማሸት ልማድ ነበራቸው። በንጹሕ ብርጭቆ አጠገባቸው ባኖርላቸው፣ «ለዓይንዎ ንጹሕ ውሃ ነው» ብላቸው፣ ራሳቸው ይዳብሱበታል አልኩ። ማን ያውቃል? የት አባቱ ደንቡ፣ አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ነበር። እሳቸው መታጠቢያ ቤት ነበሩ። ጠበሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ በንጹሕ የማርማላታ ብርጭቆ ቀዳሁት። የት ላኑረው? ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ ቢደፋስ? ጠበል መሬት ላይ ፈስሶ ሊረገጥ ነው? ያንን ማሰብ አልቻልኩም። የማይደፋበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ የጣውላው ቀዳዳ። የቀለሙን ብርጭቆ ነቅዬ መስኮቱ ሥር አኖርኩና ጠበሉን እዚያ ሰካሁት። ለአፍታ ነው። ሲወጡ እነግራቸዋለሁ፣ ዓይናቸውን ይዳብሳሉ፣ ቀለሙን እመልሳለሁ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሁለት ብሎክ አልፎ ያሉ አሮጊት ወድቀው ነበር፤ ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ። ጃኬቴን እንኳ ሳልቆልፍ ሮጥኩ። ከበሩ «ጋሼ፣ መጣሁ!» ብዬ ነበር። ሳልመለስ ፈረቃዬ አለቀ።

እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው። ለስሕተት ስሕተት እለዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ስሕተት ብላችሁ እንዳታቀሉልኝ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት «አስካ፣ አንቺ ነሽ? ነይ፣ ነይ ቶሎ!» አሉኝ። ጣውላቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው እንደዚያ አብርቶ አይቼው አላውቅም። ብሩሻቸው ቀኝ እጃቸው ላይ ነው፤ ቀና ብዬ ሳይ የቀለሙ ብርጭቆ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ባኖርኩበት፣ ክዳኑ እንኳ ሳይነካ ተቀምጧል። አጠገባቸው ሁለት ትልልቅ ወረቀቶች ተዘርግተዋል። ነጭ። ክሩ ብቻ ነው ያለባቸው። ሦስተኛው ወረቀት ከፊታቸው ነበር፤ የቀረችውን አንዲት ሳጥን እየጨረሱ ነበር።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ ሦስት ገጽ በጠበል ስለዋል።

በመስኮቱ የገባው ብርሃን ወረቀቱ ላይ በአግድም ያርፍ ነበርና እርጥቡ መስመር አብለጨለጨ። አየሁት። እርጥብ ስለነበረ አየሁት። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ደግኗል፤ መካኒኳ ትከሻውን ይዛለች፤ ከሬዲዮው የወጣ የንግግር ክብ አለ፣ ውስጡ ባዶ። ከግራ በኩል መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ የመካኒኳ እጅ ጠፋ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ፊቱ። ቆሜ አየሁት። እፍ ብዬ እንዳላቆየው፣ በእጄ እንዳልይዘው፣ ምን ላድርግ? ክቡ መጨረሻ ላይ ደረቀ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ አታባብይኝም።»

ማባበል እንዴት አላውቅም? እኔ በማባበል ነው ያደግኩት። ሽማግሌ ፊት ክፉ ነገር አይነገርም፣ ደስ ያለው ሰው ደስታው አይቆረጥም፣ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ጠበሉን ብናገር ደንብ ጥሳለች ይባላል፤ ደንብ የጣሰች ቪካር ቋሚ አትሆንም። ከሁለቱ የቱ እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«በጣም ያምራል፣ ጋሼ» አልኩ።

«የሴትየዋ እጅ ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው።»

አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ይህ ቀለም ግን አልሸተተኝም፣ ይገርማል።»

«ጉንፋን ይዞዎት ይሆናል» አልኩ። ይህንንም አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ራሴ ፈጥሬ አልኩ።

ሻይ ላፍላልዎ ብዬ ወደ ኩሽና እንዲመጡ አደረግሁና ብርጭቆዎቹን ቦታ ቦታቸው መለስኩ። የተረፈውን ጠበል ገንዳ ውስጥ መድፋት አልሆነልኝም፤ ቆሜ ጠጣሁት። ሦስቱን ነጭ ወረቀቶች የካርቶን ማኅደራቸው ውስጥ፣ ከሥር፣ በጥንቃቄ አስቀመጥኩ። እንዴት ያለ ጥንቃቄ! ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳነሣ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ቅጠሉ እጄ ላይ ነበር። ሦስት ሰኞ፣ ሦስት ሐሙስ። ስድስት ጊዜ በዚያ በር ገብቻለሁ። ስድስቱንም ጊዜ እሳቸው በሕይወት ነበሩ፣ እጃቸው ይሠራ ነበር፣ ወረቀት ነበረ፣ ቀለም ነበረ፣ አሳታሚው ገና ጊዜ ሰጥቷቸው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈለግብኝ። ተቆጥተው ያባርሩኝ ይሆናል፤ ግን መልሰው ይስሉታል። ያ ሰው ሥራው ወለል ማድረቂያ ሆኖበት ሳቀ እኮ! በዚህም ይስቅ ነበር። «በጠበል? አስካ፣ በጠበል ሳልኩ?» ይል ነበር። ይህን አስባለሁና አልጋዬ አይመቸኝም።

ሌሎቹን አምስት ገጾች በትክክለኛው ቀለም ሳሏቸው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንድ ሳጥን ውስጥ ዓይንና አፍንጫ ተደራርቧል፣ ግን ሕይወት ነበረው። እየሳሉ ያፏጫሉ። «መጨረሻው አልቋል፣ ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው» ይሉኛል። እኔ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሰሃን አጥባለሁ፣ ከማኅደሩ ዓይኔን አሸሻለሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ያ ነው።

አንድ ሐሙስ ልናገር ነበር። ባቡር ውስጥ ቃላቱን በኖርስኬ ደርድሬ ሄድኩ። ካልሲያቸውን እያለበስኩ፣ መሬት ተንበርክኬ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር…» አልኩ።

«እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «በሕይወቴ መጨረሻዬን ከአዘጋጁ በፊት ያየ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሚስቴም አላየችም። አንቺ ልትይ የነበረው ምንድን ነው?»

«ካልሲዎ ተቀዷል ልል ነበር» አልኩ።

በአራተኛው ሳምንት ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሳንባ ነው፣ በዚያ ዕድሜ ቀልድ አይደለም። ኢንግሪድ ከበርገን መጣች፣ ገጾቹን ለአሳታሚው ልትልክ ማኅደሩን ከፈተች፣ አምስት የተሳሉና ሦስት ነጭ ወረቀቶች አገኘች።

የዚያን ቀን ግሮንላንድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር ነበርኩ። ጤፍ ልገዛ ከአንድ የአገራችን ሰው ሱቅ ገብቼ ተራ ይዣለሁ። ስልኬ ጠራ።

«አስካለ፣ ኢንግሪድ ነኝ። ይቅርታ፣ የዕረፍት ቀንሽ መሆኑን አውቃለሁ። አባቴ አጠገቤ ነው፣ ይሰማሻል» አለች። ድምፅዋ ደክሟል። «የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች ስያቸዋለሁ ብሎ አስቸገረን። ወረቀቱ ግን ባዶ ነው። ባዶ ነው ስለው አስካን ጠይቋት፣ እሷ አይታዋለች ይላል። ሐኪሞቹ ሐሳቡ ሊምታታ ይችላል ብለውኛል። ዝም ብዬ ልጠይቅሽ ነው፣ እሱ ልቡ እንዲያርፍ። አይተሻል?»

ሱቁ ውስጥ ሰው እየተሳሳቀ ነበር። ባለ ሱቁ «እህት፣ ነጩን ነው ቀዩን?» ይለኛል። ከስልኩ ውስጥ የእሳቸው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ያ ትንፋሽ እኔን ይጠብቃል። «ያ»፣ አዎ፣ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ፊደል። በቀጣዩ ሳምንት ለቋሚው ሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። «ያ» ካልኩ ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ ትለኛለች፤ ሦስት ሳምንት ምን ትሠሪ ነበር ትለኛለች።

«ናይ» አልኩ። «ናይ፣ አላየሁም።»

ከዚያ የጋሽ ክሌመንት ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ።

«አላየችም?»

«አላየችም፣ አባባ» አለች ኢንግሪድ።

«እንግዲህ…» አሉ። «እንግዲህ ስስለው ያለምኩት ይሆናል።» ደግሞም «አስካን አመስግኚልኝ። በዕረፍት ቀኗ አስቸገርናት» አሉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ ወለምታ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። እኔ አስቤ፣ መዝኜ፣ ከሁለቱ መርጬ ነው የተናገርኩት። አንድ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን አጥፍተውበት ያልተሸነፈውን፣ ሥራውን ወለል ላይ አንጥፈውበት ያልተሸነፈውን፣ እኔ በአንድ ቃል ራሱን እንዲጠራጠር አደረግሁት። ዓይኑን ያጣ ሰው የቀረው እጁን ማመን ነበር። እሱን ነው የወሰድኩበት። አላየሁም አልኩ። ነጩን ጤፍ ገዝቼ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ቀብራቸው ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። ኢንግሪድ ፈልጋ መጥታ አቀፈችኝ፣ «ከሁላችንም ይበልጥ አንቺን ይወድሽ ነበር» አለችኝ። ቋሚ ሆንኩ። ባሌ መጣ። ፉሩሴት ሰፈር ቤት አገኘን፣ ከዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሸለቆው ሁሉ ይታየኛል። ያሰብኩት ሁሉ ሆነልኝ፤ እግዜር ሊቀጣኝ ፈልጎ እንደሆነ እንጃ፣ አንድም ነገር አልጎደለብኝም።

መጽሐፉም ወጣ። ኢንግሪድ አንድ ቅጂ በፖስታ ላከችልኝ። ስማቸው ሽፋኑ ላይ በትልቁ አለ። በመጨረሻ አምስቱ የሚንቀጠቀጡ ገጾች፣ ከዚያ ሦስት ነጭ ገጾች፣ ከነጩ በፊት አንድ አጭር ማስታወሻ። የእንግሊዝኛ ችሎታዬ ደካማ ቢሆንም እሱን አነበብኩት። ሠዓሊው በሕይወታቸው ፍጻሜ ላይ አእምሯቸው ደክሞ ያልሳሉትን ገጽ ሳልኩ ብለው ያምኑ ነበር ይላል። በደግነት ነው የተጻፈው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ውሸት እሱ ብቻ ነው፣ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።

ይኸው አራተኛ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። አንድ ቅዳሜ ያንኑ ዓይነት ወፍራም ወረቀትና ጥቁር ቀለም ገዝቼ ያየሁትን ለመሳል ተቀመጥኩ። የካፒቴኑ ፊት ድንች ሆነብኝ። የሴትየዋ እጅ እጅ አልሆን አለኝ። ያየሁት ሁሉ ዓይኔ ውስጥ አለ፣ እርጥብ ነው፣ ግን ወደ ጣቴ አይወርድም። ባሌ ገብቶ «ምንድን ነው ይህ?» ሲለኝ «ምንም» ብዬ ቀደድኩት። እሳቸው ሳያዩ የሳሉትን እኔ እያየሁ መሳል አቃተኝ።

የኢንግሪድ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ስንቴ አውጥቼ አይቼዋለሁ! በኖርስኬ ሦስት ቃል ነው የሚፈጀው፣ ባቡር ውስጥ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ እለማመደዋለሁ፤ ሆልምሊያ ስንደርስ ደህና ይመጣል፣ ወርጄ ስልኬን ሳነሣ ይጠፋል። ብነግራትስ? አባትሽ አእምሮው አልደከመም፣ እያወቅሁ ነው ውሸታም ያደረግሁት ልላት ነው? ያቀፈችኝን እቅፍ መልሳ ልትወስድብኝ ነው? ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ ስልኩን አስቀምጣለሁ።

አሁንም ልብ ብላችሁ ከሆነ የምናዘዘው በአማርኛ ነው። ኢንግሪድ አማርኛ አታነብም። አሳታሚው አያነብም። «የመለሰላቸው አለ ወይ?» እያሉ የሸበቱት ሰዎች አያነቡም። ማንም የማይሰማኝን ቋንቋ መርጬ ነው አደባባይ የወጣሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ያውም ከቤት ውስጥ ሆና እንደምትጮህ ውሻ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የእናንተ አይደለም፣ የሚያደርገው ሰው ሞቷል፣ የምትችለዋ ልጁ ደግሞ ምን እንደምትምር አታውቅም።

ግን ከእነዚያ አንባቢዎች አንዱን የሚያውቅ ከእናንተ መካከል ካለ ይህን ይንገርልኝ። ካፒቴኑና መካኒኳ ብቻቸውን አልቀሩም። ከሬዲዮው ድምፅ ወጥቷል። ክቡ ባዶ ነበርና ምን እንደተባሉ አላውቅም፤ እሱን የሚያውቁት ጋሽ ክሌመንት ብቻ ነበሩ፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። መልስ ግን መጥቶላቸዋል። እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ አንድም መስመር ሳይስቱ ስለውታል።

አይቻለሁ።